የርስት ቃል፣ የብራና ቃል፣ የቁልፍ ቃል
በጎጃም ደጋ ስለ ነበረው የቃል አጠባበቅ አጭር ጥናት

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም፤ ቃሉ ራሱ ሀብት በሆነ ጊዜ ያን ቃል እንዴት መጠበቅ ይቻላል? የሚል ነው። ብር በሣጥን፣ እህል በጎተራ ይቀመጣል። ነገር ግን ሰው የሀብቱ ባለቤት መሆኑን የሚያስረዳለት ጥቂት ቃል ብቻ ሲሆን፤ ያ ቃል ቢጠፋ ሀብቱ አብሮ ይጠፋል፤ ቃሉ ሌላ ሰው ዘንድ ቢደርስ ደግሞ ሀብቱ ወደዚያ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ ቃል ጠባቂ ሁለት ጠላት አለበት። አንደኛው መጥፋት፣ ሁለተኛው መሰረቅ ነው። ነገሩን የሚያከብደው ለአንዱ መድኀኒት የሆነው ለሁለተኛው በር የሚከፍት መሆኑ ነው። ቃሉ እንዳይጠፋ በብዙ ስፍራ ቢያኖሩት ለሌባ ይቀርባል፤ እንዳይሰረቅ በአንድ ስፍራ ቢሰውሩት ለእሳትና ለሞት ይቀርባል።

ይህ ጥያቄ በዘመናችን እንደ አዲስ የተነሣው ክሪፕቶ በሚባለው ገንዘብ ምክንያት ነው። የዚህ ገንዘብ ባለቤትነት የሚታወቀው በ12 ወይም በ24 ቃላት ስለ ሆነ፤ ብዙ ወጣቶች ቃላቱን የት እናኑር? ሲሉ ይጠይቃሉ። እኛ ግን ጥያቄው አዲስ አይደለም እንላለን። በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያው ባለው አገር፣ የመሬት መብትና የመጻሕፍት ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት በቃል ሲጠበቅ ኖሯል። አባቶች የተጠቀሙባቸው ዘዴዎች ምን እንደ ነበሩ፣ የትኛው እንደ ጸና፣ የትኛው እንደ ተሰበረ በመመርመር ለዛሬው ጥያቄ የሚሆን ትምህርት እንፈልጋለን።

1. የዛሬው ቃል ምን ዓይነት ነው?

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት የዛሬውን ቃል ጠባይ በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ቢትኮይን የተባለው ገንዘብ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም በጥቅምት ወር 2001 ዓ. ም. በወጣ ጽሑፍ ተገለጸ፤ በታኅሣሥም ሥራ ጀመረ። ገንዘቡን የሚያዝዘው «የግል ቁልፍ» የሚባል እጅግ ረጅም ቁጥር ነው። ቁጥሩን ለሰው እጅና ዓይን የሚመች ለማድረግ እ. ኤ. አ. በ2013 ቢፕ 39 የሚባል ደንብ ወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት የተቈጠሩ 2048 ቃላት ያሉበት መዝገብ አለ፤ ከመዝገቡ 12 ወይም 24 ቃላት በዕጣ ይወጣሉ፤ ቁልፎቹም ሁሉ ከእነዚህ ቃላት ይወለዳሉ። ስልኩ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ባለቤቱ ቃላቱን በተራቸው በሌላ መሣሪያ ላይ ቢያስገባ ገንዘቡን መልሶ ያገኛል። ስለዚህ የመመለሻ ቃላት ይባላሉ።

በ12 ቃላት ሊፈጠሩ የሚችሉት ትክክለኛ ቅንጅቶች ብዛት በ34 ቀጥሎ 37 ዜሮ ቢጻፍ የሚገኘውን ያህል ነው። በመገመት የሚያገኛቸው የለም። ስለዚህ ሌባ የሚመጣው በስሌት ሳይሆን በወረቀቱ፣ በፎቶግራፉና በባለቤቱ አንደበት በኩል ነው።

ከባንክ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የቁጠባ ደብተሩ የጠፋበት ሰው ወደ ባንኩ ሄዶ መታወቂያውን አሳይቶ ሌላ ደብተር ያወጣል። በዚህኛው ግን አቤት የሚባልበት ሹም የለም። ቃሉ የጠፋበት ሰው ምንም ቢሆን አይመለስለትም፤ ቃሉን ያገኘው ሰው ደግሞ ባለቤት ነህን? ብሎ የሚጠይቀው የለም። በአገራችንም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ. ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ ሕጋዊ መክፈያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት የተፈቀደ አለመሆኑን አስታውቋል። በዚህም ምክንያት ጉዳት የደረሰበት ሰው ዳኛ ፊት የሚያቀርበው አቤቱታ ጠባብ ነው። ጠባቂው ራሱ ባለቤቱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

2. በቃል የተጠበቀ መብት፤ ርስት

በጎጃም ደጋ ከ1967 ዓ. ም. በፊት የገበሬው ዋና ሀብት ርስት ነበረ። ርስት ማለት በመጀመሪያ አገሩን አቅንቶ ከያዘው ከዋናው አባት መወለድን አስረድቶ ከመሬቱ ድርሻ መጠየቅ ነው። መወለዱ በአባትም በእናትም በኩል ይቈጠራል። የዋናው አባት ልጆች ምንዝር አባት እየተባሉ መሬቱ በስማቸው ይከፈላል፤ ባለርስቱም በየትኛው ምንዝር አባት በኩል እንደሚወርድ ማስረዳት ይገባው ነበር። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1950ዎቹ ዓመታት በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዐት አጥንቶ እ. ኤ. አ. በ1973 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል።

የእኛን ጉዳይ የሚመለከተው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የመብቱ ቁልፍ የስሞች ተራ ነበረ። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሊትን ወለደ እያለ ሳያሳስት እስከ ዋናው አባት የሚደርስ ሰው መሬት ያገኛል። ከመካከል አንድ ስም የጐደለበት ወይም ተራው የተዛባበት ሰው ግን በሽማግሌ ፊት ይረታል። እንግዲህ የስሞቹ ተራ በዋጋ ከመሬቱ የማያንስ ነበረ ማለት ነው።

ስለዚህ ትውልድ ቈጣሪ ሽማግሌ የተከበረ ሰው ነበረ። ዕውቀቱንም ለማንም አይዘራውም። ለልጁ ወይም ለወገኑ ይነግራል፤ ለተከራካሪው ግን ይሰውራል። ምክንያቱም ባዕድ ሰው የስሞቹን ተራ ቢሰማ ራሱን በመካከል አስገብቶ ርስት ሊጠይቅበት ይችላል። ምስጢርነቱና ጥቅሙ የተያያዙ ነበሩ።

የዚህ ዘዴ ጥንካሬ ግልጽ ነው። በራስ ውስጥ ያለውን እሳት አያቃጥለውም፤ ዘማች ጦር አይማርከውም። በ1928 ዓ. ም. ጠላት ጎጃምን በያዘ ጊዜ ገበሬው ቤቱ ቢቃጠል ርስቱን የሚያስረዳበት ቃል አብሮት በዱር ይኖር ነበረ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ከገቡ በኋላም ወደ መንደሩ የተመለሰው ሰው ክርክሩን የቀጠለው በዚያው የስም ተራ ነው።

ድካሙ ደግሞ ሞትና እርጅና ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻ የሚያውቀው የትውልድ ተራ በሽማግሌው ሞት ይቀበራል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ይህን በማየት ነው። ከዚህም በላይ ሰው ሲያስታውስ ራሱን ሳያውቅ ይለውጣል፤ ለእርሱ የሚጠቅመውን ስም አጥብቆ ይይዛል፣ የማይጠቅመውን ይረሳል። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ አባት ልጆች ብዛት የማይስማሙበት ጊዜ ስለ ነበረ የርስት ክርክር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል።

ታዲያ ገበሬው መሬቱን ለምን በመንግሥት መዝገብ አላስጻፈም? የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱን ከጎጃም የአመፅ ታሪክ እናገኛለን። የመሬት ልኬት በተሞከረባቸው ዓመታት ሁሉ የጎጃም ገበሬ ተቃውሟል። በ1960 ዓ. ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ደግሞ በሞጣ፣ በብቸና፣ በዳሞትና በሌሎችም ስፍራዎች ተነሥቶ መሣሪያ አነሣ፤ መንግሥትም ጦር ከላከ በኋላ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴን ከስፍራው አነሣ። የገበሬው ሥጋት የግብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም። በደቡብ አገር ቀላድ ተጥሎ መሬት እንደ ተወሰደ ሰምቶ ነበር፤ ግምት የመጣው ልኬትን፣ ልኬት ደግሞ ርስት ማጣትን ያስከትላል ብሎ ያምን ነበር። ነገሩን በእኛ ቋንቋ ብንገልጸው፤ ቁልፉን በሌላ ሰው መዝገብ ላይ ማስጻፍ ቁልፉን ማስረከብ ነው ብሎ ፈርቷል። የመዝገቡ ጸሐፊ የሚታመን ካልሆነ በጽሑፍ መጠበቅ ራሱ አደጋ መሆኑን የጎጃም ገበሬ ያውቅ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው ዐዋጅ ሲወጣ የርስት ክርክር ቀረ። በትውልድ ሁሉ የተጠበቀው የስም ተራም በአንድ ቀን የመሬት ቁልፍነቱን አጣ። ይህም ልንዘነጋው የማይገባ ትምህርት ነው። ቃልን የቱንም ያህል ቢጠብቁት ዋጋው የሚጸናው ቃሉን የሚቀበለው ሥርዐት እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

3. በቃል የተጠበቀ ትምህርት፤ የአብነት ትምህርት ቤት

በጎጃም ሌላው የቃል ግምጃ ቤት የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዋሸራና ጎንጅ በቅኔና በዜማ ትምህርት የታወቁ ናቸው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ከእነዚህ ጉባኤዎች የወጡ ናቸው። የቆሎ ተማሪው ውዳሴ ማርያምንና ዳዊትን፣ ከዚያም የዜማውን ትምህርት በቃሉ ይይዛል። በቃሉ ያጠናውን በመምህሩ ፊት ቆሞ ይወርዳል፤ ከሳተ መምህሩ ይመልሰዋል፤ እንደ ገና ይጀምራል።

ከዚህ ሥርዐት ሦስት ነገር እናስተውላለን። የመጀመሪያው ፈተና ነው። ተማሪው ይዣለሁ ስላለ ብቻ አይታመንም፤ ሳያይ ማሰማት አለበት። ሁለተኛው ብዛት ነው። አንድ ድጓ በብዙ ሰው ራስ ውስጥ ስለሚኖር የአንድ መምህር ሞት ድጓውን አያጠፋውም። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ተቃጥለው ሳለ ሥርዐተ ትምህርቱ እንደ ገና ሊተከል የቻለበት አንዱ ምክንያት ትምህርቱ በብራና ላይ ብቻ አለመኖሩ ነው ብለን እንገምታለን።

ሦስተኛው የስሕተት መለያ ነው። ዜማው ልክ፣ ቅኔውም ምጣኔና የቤት አመታት አለው። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ነው፤ አንድ ቃል ቢጐድልበት ወይም ቢረዝምበት የሰለጠነ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ምን እንደ ጐደለ ባያውቅ እንኳ አንድ ነገር እንደ ጐደለ ያውቃል። የዛሬዎቹ የመመለሻ ቃላትም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። በ12ቱ ቃላት መጨረሻ ላይ ከቀደሙት ተሰልቶ የሚገኝ መፈተኛ ተጨምሯል። አንድ ቃል በስሕተት ቢለወጥ ከ16 ጊዜ 15ቱን መሣሪያው «ይህ ትክክል አይደለም» ይላል፤ በ24 ቃላት ጊዜ ደግሞ ከ256 አንድ ጊዜ ብቻ ያመልጠዋል። ነገር ግን መፈተኛው ስሕተት መኖሩን ይነግራል እንጂ ትክክለኛውን ቃል አይነግርም። እዚህ ላይ መምህሩ የለም።

የጉባኤው ትምህርት ግን ምስጢር አይደለም፤ ማንም ቢሰማው አይጎዳም። ስለዚህ በብዙ ሰው ራስ ማኖሩ ለድጓ የሚበጅ ሲሆን ለቁልፍ ቃል አይበጅም። ከትምህርት ቤቱ ልንወስድ የሚገባን ፈተናውን እንጂ ብዛቱን አይደለም።

4. በብራና የተጠበቀ ቃል

አድባራትና ገዳማት መሬታቸውን በቃል ብቻ አልጠበቁም። ነገሥታትና መኳንንት የሰጡትን ጉልት በደብሩ ወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ አስጽፈዋል። ይህ ልማድ በሰሜን ኢትዮጵያ ሁሉ የታወቀ ነው። በምሥራቅ ጎጃምም የመርጡለ ማርያምና የዲማ ጊዮርጊስ የመሬት ጽሑፎች ለታሪክ ተመራማሪዎች ትልቅ ምንጭ ሆነዋል።

ጽሑፉ በወንጌል ላይ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወንጌል አይሸጥም፣ አይጣልም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ካለው ዕቃ ሁሉ ይልቅ አስቀድሞ ከእሳት ይወጣል። ስለዚህ ደካማው ቃል ከጠንካራው መጽሐፍ ጋር ተጠጋ። ከዚህም ጋር የምስክሮች ስም ይጻፋል፤ ቃሉን የሚፍቅና የሚለውጥ ሰው እንዲወገዝ ግዝት ይጨመራል። መጽሐፉም በቆዳ ማኅደር ገብቶ በዕቃ ቤት ይቀመጣል። ዕቃ ቤቱ ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ተለይቶ የሚሠራ ቤት ስለ ሆነ የሣር ክዳኑ ቤተ ክርስቲያን ቢቃጠል ዕቃ ቤቱ ሊተርፍ ይችላል።

ነገር ግን ብራናም ጠላት አለው። ብራናን ውሃ ያበላሸዋል፤ እሳት ያኰማትረዋል፤ ተንኰለኛ ጸሐፊ በቢላዋ ፍቆ ሌላ ስም ይጽፍበታል። ያለ ተንኰልም ቢሆን ገልባጭ ይስታል። በግእዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ ታየ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ማለት ወሰደ፣ ዘረፈ ማለት ነው። በአንድ ፊደል መለወጥ ፀሐይ መውጣቷ ቀርቶ ሌብነት ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ገልባጭ የጻፈውን ከእናቱ ቅጂ ጋር ሳያስተያይ አያስረክብም።

ይህ የፊደል ጉዳይ ለዛሬውም ሰው ይጠቅማል። ከ2048ቱ ቃላት መዝገብ በአማርኛ የተዘጋጀ የለም። የእኛ ሰው የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝኛውን ነው። ቃላቱን በአማርኛ ፊደል ገልብጦ ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው። ለምሳሌ በመዝገቡ ውስጥ «በሸራ መቅዘፍ» የሚል ትርጉም ያለው ቃልና «መሸጥ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ሁለቱም አሉ፤ በእኛ ፊደል ሁለቱንም «ሴል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከዓመታት በኋላ የትኛው እንደ ነበረ አያውቅም። ስለዚህ ቃሉን በተሰጠበት ፊደል፣ በተራ ቁጥሩ፣ በግልጽ እጅ መጻፍ ይገባል። የእንግሊዝኛው መዝገብ ቃላት ሁሉ በመጀመሪያዎቹ 4 ፊደላት እርስ በርሳቸው ስለሚለዩ እነዚያ 4ቱ እንኳ በግልጽ ከተነበቡ ቃሉ ይታወቃል።

የአንድ ቅጂን አደጋ ለማስረዳት ከጎጃም ወጣ ብለን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያከማቿቸው መጻሕፍት በሚያዝያ 1860 ዓ. ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቁ፤ ብዙዎቹም ወደ ለንደን ተወሰዱ። ከእነዚህ መካከል ክብረ ነገሥት ነበረ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ. ም. ለእንግሊዝ መንግሥት በጻፉት ደብዳቤ የአገሩ ሕግ በዚህ መጽሐፍ ስላለ ያለ እርሱ ሕዝባቸው እንደማይታዘዛቸው አመልክተው መጽሐፉ እንዲመለስ ጠየቁ። ሙዚየሙም የመጽሐፉ ሁለት ቅጂ በእጁ ስለ ነበረ አንዱን መለሰ። ብዙ መጽሐፍ በአንድ ተራራ መሰብሰቡ ለአንድ ቀን ምርኮ እንዲመች አደረገው፤ አንዱ መጽሐፍ ሊመለስ የቻለውም ቅጂው ሁለት በመሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ አስተዋዮች ቅጂ ማብዛትን ሥራ አድርገውታል። ኤርንስት ሀመርሽሚት እ. ኤ. አ. በ1968 የጣና ደሴቶችን መጻሕፍት በፊልም አነሣ፤ እ. ኤ. አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራም የብዙ ሺህ መጻሕፍትን ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲቀመጥ አድርጓል።

5. ጨው፣ ብርና መሬት

ቃሉ የሚጻፍበት ነገር ምን ይሁን? ለሚለው ጥያቄ የጎጃም ገበያ መልስ አለው። በ19ኛው መቶ ዓመት በታወቀው በባሶ ገበያ ሁለት ገንዘብ ይመላለስ ነበረ። አንደኛው አሞሌ ጨው፣ ሁለተኛው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። አሞሌን ዝናብ ያሟሟዋል፤ ባለቤቱ በደረቅ ስፍራ ካላኖረው ሀብቱ ውሃ ይሆናል። ጠገራው ግን 28 ግራም የሚመዝን ብር ስለ ሆነ ዝናብ አይነካውም፤ የጎጆ ቃጠሎም በቀላሉ አያጠፋውም። ዛሬም ወረቀት እንደ አሞሌ ነው፤ በጎጃም ክረምት በሚያፈስ ቤት ውስጥ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ አንዳንዶች ቃላቱን በማይዝግ ብረት ላይ ያስቀርጻሉ።

ይሁን እንጂ ጠገራ ብር ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ባንክ ባልነበረበት ዘመን ባለጸጋው ብሩን በገንቦ ከቶ በመሬት ይቀብር ነበረ። ስፍራውን ለማንም አይነግርም። ሌባ አያገኘውም፤ ነገር ግን በድንገት ቢሞት ልጁም አያገኘውም። የጠባቂው ጥንቃቄ ከሌባ ይልቅ ወራሹን ጎዳ ማለት ነው። በዚህ ረገድ የቀድሞው ሰው ያበጀው መፍትሔ ኑዛዜ ነው። በነፍስ አባትና በምስክሮች ፊት ማን ምን እንዳለው፣ ምን እንዳለበት፣ ለማን እንደሚተው ይናገራል። ዛሬ ብቻውን የሚጠብቅ ወጣት ግን ስለ ሞት ሳያስብ ቃሉን እንደ ተቀበረ ገንቦ ይተወዋል። ወላጆቹ ሀብት መኖሩን እንኳ አያውቁም።

6. አደራና የተከፈለ ቁልፍ

ምስጢር ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን ይጠፋል፣ ለብዙ ሰው ሲሆን ይሰረቃል ካልን መካከለኛው መንገድ ምንድን ነው? የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ያሳየናል። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ በልማድ ቄሰ ገበዙ ነው። ሥርዐቱ በየደብሩ ቢለያይም፤ በብዙ ስፍራ ቁልፉን ከአንድ በላይ ለሆኑ ባለአደራዎች ማካፈልና አንዱ ያለ ሌላው እንዳይከፍት ማድረግ የታወቀ ነው። አንዱ ሰው ክፉ ቢያስብ ሌላው ይከለክለዋል።

ይህ ግን አንድ ችግር አለበት። ከባለቁልፎቹ አንዱ ቢሞት ወይም ቁልፉ ቢጠፋ በሩ መሰበር አለበት። የእንጨት በር ይሰበራል፤ የስሌት በር ግን አይሰበርም። ስለዚህ 12ቱን ቃላት ለሁለት ከፍሎ 6ቱን ለወንድም፣ 6ቱን ለእኅት መስጠት መልካም መስሎ ቢታይም አንደኛው ቢጠፋ ሁሉም ይጠፋል፤ ግማሹን ያገኘ ሌባም ሥራው እጅግ ይቀልለታል። አዲ ሻሚር የተባለው የእስራኤል ሊቅ እ. ኤ. አ. በ1979 ለዚህ ችግር መፍትሔ አገኘ። በእርሱ ዘዴ ምስጢሩ ለምሳሌ ለ3 ባለአደራዎች ይከፈላል፤ ከ3ቱ ማንኛዎቹም 2ቱ ቢገናኙ ምስጢሩ ይመለሳል፤ አንዱ ብቻውን ግን ምንም አያውቅም። አንዱ ቢሞት አይጠፋም፤ አንዱ ቢከዳ አይሰረቅም። የዕቃ ቤቱ ሥርዐት የፈለገውን ነገር ሒሳቡ ፈጸመው።

ሒሳቡ የማይተካው ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የባለአደራው ጠባይ ነው። በአገራችን አደራ በላ መባል ከሌባነት የከፋ ስድብ ነው። ሌባ የማያውቀውን ሰው ይሰርቃል፤ አደራ በላ ግን ያመነውን ሰው ይሰርቃል። ምንም ዓይነት ዘዴ ቢኖር መጀመሪያ ሰው መምረጥ ያስፈልጋል።

7. ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

እስካሁን የተመለከትነውን አንድ ላይ ብናደርገው የሚከተለው ይገኛል።

አንደኛ፤ በራስ ብቻ መያዝ አይበቃም። ትውልድ ቈጣሪው ሽማግሌ እንኳ ይረሳል፣ ይሞታል። ቃሉ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛ፤ በሌላ ሰው መዝገብ ማስጻፍ ማስረከብ ነው። የመመለሻ ቃላትን በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ በቴሌግራም ለራስ መላክ፣ በኢሜይል ማስቀመጥ፤ ይህ ሁሉ የራስን የስም ተራ ለማናውቀው ጸሐፊ መንገር ነው። «ሒሳብህን ላጣራልህ፣ ቃላቱን ንገረኝ» የሚል ሰው በማናቸውም ስም ቢመጣ ርስት ፈላጊ ባዕድ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ትክክለኛ አገልግሎት ሰጪ እነዚህን ቃላት አይጠይቅም።

ሦስተኛ፤ ቅጂው ከአንድ በላይ፣ ስፍራውም የተራራቀ ይሁን። ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ካሉ በአንድ እሳት ይቃጠላሉ። አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ በታመነ ዘመድ ቤት በታሸገ ፖስታ ሊቀመጥ ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቅጂ አንድ ተጨማሪ በር ስለ ሆነ ከሁለት ወይም ከሦስት ማለፍ አይገባም።

አራተኛ፤ እንደ ቆሎ ተማሪው ይፈተን። ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት መሣሪያውን አጥፍቶ፣ ከተጻፈው ብቻ ተነሥቶ መመለስ መቻሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያልተፈተነ ቅጂ እንዳለ አይቈጠርም።

አምስተኛ፤ ወራሽ ይታሰብ። ሀብቱ መኖሩን፣ ቅጂውም የት እንዳለ የሚገልጽ ኑዛዜ ይኑር፤ ቃላቱ ራሳቸው ግን በኑዛዜው ላይ አይጻፉ። ኑዛዜ በብዙ ሰው ፊት ይነበባልና።

ለዚህ ሁሉ ቅርብ የሆነ ምሳሌ በገበሬው ቤት ይገኛል። በ1989 ዓ. ም. በአማራ ክልል የተደረገው የመሬት ሽግሽግ በጎጃም ብዙ ቅሬታ ትቶ አልፏል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ጀመረ፤ በምሥራቅ ጎጃም የጎዛምን ወረዳም ሥራው አስቀድሞ ከተሞከረባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ደብተሩ በገበሬው እጅ፣ መዝገቡ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። የአያቶቹ የስም ተራ በአንድ ሽማግሌ ራስ ይኖር የነበረ ገበሬ ዛሬ ማስረጃው በሁለት ስፍራ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የመሬት ደብተር የሰረቀ ሰው መሬቱን ሊያርስ አይችልም፤ ጎረቤት ያውቀዋል፣ ዳኛ ይጠይቀዋል። የመመለሻ ቃል የሰረቀ ሰው ግን ጎረቤትም ዳኛም የለበትም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንዳስረዳነው የጎጃም ደጋ ሰው ቃልን በራስ፣ በብራና፣ በምድርና በባለአደራ ሲጠብቅ ኖሯል። አንዱም ዘዴ ብቻውን አልበቃም። ርስት ቈጣሪው ምስክር ያስፈልገው ነበር፤ ብራናው ዕቃ ቤትና ግዝት ያስፈልገው ነበር፤ የተቀበረው ገንቦ ኑዛዜ ያስፈልገው ነበር። የዛሬውን ቃል ልዩ የሚያደርገው በእነዚህ ሁሉ ዙሪያ የነበረው ማኅበር፣ ማለት ሽማግሌው፣ ገበዙ፣ የነፍስ አባቱና ዳኛው፣ አለመኖሩ ነው። የቀድሞው ሰው ቢሳሳት የሚመልሰው ነበረው፤ የዛሬው ግን የእነዚያን ሁሉ ሥራ ብቻውን ሊሠራ ተሹሟል።

እንግዲህ ለጓደኞቻችን የምናሳስበው ይህ ነው። ማንም ሰው ይህን ዓይነት ሀብት ለመያዝ ከማሰቡ በፊት የአገሩን ሕግ ይመልከት፤ ከዚያም ገበዝም፣ ምስክርም፣ ተናዛዥም ልሆን እችላለሁን? ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ አይደለም ከሆነ ብሩን በባንክ፣ ስሙንም በመዝገብ ቢያኖር ይሻለዋል። መልሱ አዎን ከሆነ ግን ሥራውን በአያቶቹ ትጋት ይሥራ።